አሜን እስኪባል የሚያቆይ ቀስት

ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ አጋዘን ማደን አማራቸውና ኮምፓውንድ ቦው የሚሉትን ባለ መዘውር ቀስት ልንገዛ ፍራንክሊንተን ከተማ ወዳለ የአደን ዕቃ መደብር ሄድን። ሻጩ አንዱን አውርዶ "ትራይ ያድርጉት" አላቸው። ጋሼ ገመዱን እስከ ጆሯቸው ስበው ያዙና "በስመ አብ ወወልድ" ሲሉ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ቀስቱን መለሱለት።

"ከበደኝ። እኔ ሳይባረክ የሞተ እንስሳ ሥጋ አልበላም። ስናርድ ቢላዋው አንገቱ ላይ ሆኖ አይደል የምንባርከው? ይሄም የሚባረከው ተወጥሮ ሳለ ነው" አሉኝ። ለሻጩ ትራንስሌት አደረግኩለት። "ጸሎቱ ስንት ሴኮንድ ይፈጃል?" አለኝ፣ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ከዚያ ተወጥሮ ሲያዝ እንደ ላባ የሚቀል የካርቦን ቀስት አመጣ። ጋሼ በእሱ እስከ "አሐዱ አምላክ አሜን" ድረስ ዘለቁ። ሻጩም "ኤሜን" አለ። ገዛን።

ቅዳሜ ጫካ ገባን። አንድ ትልቅ አጋዘን መጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። ጋሼ ወጥረው በለሆሳስ ጀመሩ። አጋዘኑ ጆሮውን አቁሞ፣ እስከ አሜን ድረስ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ቀስቱን ቀስ አድርገው አወረዱት።

"ምነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"አብሮኝ ጸሎት የጨረሰን በምን አንጀቴ ልግደለው?"