ሃያ ሦስተኛው ብልቃጥ

ወገኖቼ፣ ከቅርብም ከሩቅም ለልቅሶ የመጣችሁ፣ ይህን የታናሽ ወንድሜን ታሪክ እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ ሲያዙኝም አንዲት ቃል እንዳልጨምር አስምለውኛል። ቤተሰቡ «እማማ ጭማሪ» እያለ የሚጠራኝን ሴትዮ የምታውቁኝ ሁሉ፣ መሐላው ምን ያህል እንደሚከብደኝ ይገባችኋል። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስላቸው ኖሬ ዛሬ «እሳቸው» ማለቱም ምላሴን ያደናቅፈዋልና ብሳሳት እለፉኝ።

ወንድሜ ከአባታችን ከልብስ ሰፊውና ከእናታችን ከአዋላጇ፣ ዝናብ ሲጥል ባደረበት አንድ ማለዳ፣ የአባታችን የስፌት መኪና ባለበት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። እናታችን የሰው ልጅ ስታዋልድ ኖራ የራሷ ቀን ሲደርስ ረዳት ስላጣች፣ ጎረቤቷን «እንዲህ ያዢ፣ እንዲያ ሳቢ» እያለች በገዛ ትእዛዟ ተገላገለች፤ ሕፃኑም ገና እንደወጡ መቀሱን አንስተው አቀበሏት። እሺ፣ የመቀሱ ነገር ጭማሪ ነው፣ እሱን ተዉት።

ልጅ ሆነው ዝምተኛ ነበሩ፤ የቤቱን ወሬ እኔ ስጨርሰው ለሳቸው የተረፈ ቃል አልነበረም። እኔ አሥራ አራት፣ እሳቸው አሥር ዓመት ሲሆነን አባታችን ሽንት ቤት መመላለስ አበዙ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው፣ ቆመው፣ አንዲት ጠብታ ሲለምኑ ይቆዩ ነበር። እኔ ታዲያ ምን ሥራ አለኝ፤ አንድ እሑድ ዘመድ በተሰበሰበበት ተነሥቼ የአባቴን አቋቋም አስመሰልኩና ቤቱን በሳቅ አፈረስኩት። አባታችንም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለዚያ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ሲመላለሱም ተደብቀው ሆነ፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ሕመሙ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚያ እሑድ ያልሳቁት ወንድሜ ብቻ ነበሩ። አባታችንን ቀብረን ስንመለስ ከበሩ ጀርባ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የተሰመሩ መስመሮች አየሁ፣ በየቀኑ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ምናልባት ሐኪሙ ስንት ጊዜ ብሎ ቢጠይቅ ብለው የአባታችንን ምልልስ ሲቆጥሩ እንደነበር ነገሩኝ። የመጀመሪያ ጥናታቸው ያ ነበር።

ትምህርታቸውን ከክፍል ክፍል አንደኛ እየወጡ ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሁለት ዲግሪ ደርበው በሦስተኛው ዶክተር ተባሉ። እናታችን ዶክተር ሆነ ስትባል ወገቧን ልታሳያቸው ብትመጣ፣ እሳቸው የሚያክሙት ሰውን ሳይሆን በዓይን የማይታይ ህዋስን መሆኑን ሰምታ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የተማርከው ለማይታይ ነገር ነው ወይ ብላ አዘነች።

ባለቤታቸውን፣ እዚህ የተቀመጡትን የሒሳብ መምህርት፣ ያገኙት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው። ወንድሜ የላኩላቸው የፍቅር ደብዳቤ ሠንጠረዥ ነበረው፤ በአንድ በኩል የራሳቸው ጠባይ፣ በሌላው በኩል የባለቤታቸው፣ ከታች ድምር። ይህ ጭማሪ አይደለም፣ ደብዳቤው እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ተጋብተውም ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ መስኮቱ ግድግዳ በሚያይ፣ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት በሚያጉረመርም ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሠሩትንም እኔ በገባኝ ልናገር። እያንዳንዱ ህዋስ፣ ልብስ ሰፊ ንድፍ እንዳለው ሁሉ፣ በዘረመል የተጻፈ ንድፍ አለው። አባታችንን የገደለው የፕሮስቴት ካንሰር፣ ከፊኛ ሥር ያለችው የወንድ ዕጢ ካንሰር ማለት ነው፣ በያዛቸው ብዙ ወንዶች ዘንድ፣ ለየብቻ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ዘረመሎች ይቆረጡና በስሕተት አንድ ላይ ይሰፋሉ፤ እጅጌው አንገትጌው ላይ የተሰፋ ሸሚዝ በሉት። የወንድ ሆርሞን በመጣ ቁጥር ያ ጠማማ ስፌት ህዋሱን «ተባዛ፣ ተባዛ» እያለ ያዘዋል። የልብስ ሰፊው ልጅ ዕድሜያቸውን የፈጁት፣ ሕመሙ ገና ሳይሰማ የዚያን ስፌት ብጫቂ ሽንት ውስጥ የሚያገኝ ምርመራ ሲፈልጉ ነው።

ለዚህም አርባ የታመሙና አርባ ጤነኛ ወንዶች አስፈለጉ። በሥራው ደንብ፣ የሚመረምረው ሰው ብልቃጡ የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ያያል፤ የስሙን ደብተር ከላቦራቶሪው ውጪ ያለ ሰው ይይዛል። ስፌቱ የተገኘበት ጤነኛ ሰው ካለም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎ የሚነግረው ይኸው ደብተር ያዡ ነው። ወንድሜ ለዚህ ከዓለም ሰው ሁሉ እኔን መረጡ። በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ፋይል አልጠፋብኝም፤ የጠፋብኝ አፌ ነው።

ጤነኞቹ ተመዝግበው ሳያልቁ በየድግሱ «ወንድሜ የሽማግሌ ሽንት ለማኝ ሆነ፣ ብልቃጥ ይዞ በየደጁ ይዞራል» እያልኩ ማሳቅ ጀመርኩ። ሰው ሳቀ፤ ከተመዘገቡት ወንዶች ግን ስምንቱ አፍረው ቀሩ። ሰባቱን እግራቸው ላይ ወድቄ መለስኩ፤ ስምንተኛው እንቢ አለ። ወንድሜ አልተቆጡኝም። አለቆቻቸውን አስፈቅደው በጎደለው ቦታ ራሳቸው ገቡ፤ ቁጥራቸውን ግን እኔው እንድሰጥና እንዳልነግራቸው አዘዙኝ። ሃያ ሦስት ሰጠኋቸው።

ከዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ የትልቋ ልጃቸው ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ብጣሽ ወረቀት አኖሩልኝ። ከጤነኞቹ መካከል ስፌቱ የታየባቸው ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፤ ስምንት፣ ሃያ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ። ደብተሬን ገልጬ አየሁና፣

«ሃያ ሦስት አንተ ነህ» አልኳቸው።

ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «እትዬ፣ በዚህ እንኳ ትጨምሪያለሽ?» አሉኝ።

ሲስቁ አይቼ ሳቅኩ። ሰው ሲስቅልኝ ማቆም ከልጅነቴ አልችልበትም። ደግሞም ሠርጉ ይለፍ አልኩ። ከጤነኞቹ አንዱ የእሳቸው ጸጉር አስተካካይ ነበርና፣ እሱ ነው አልኳቸው። እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪው አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ስምንትና ሠላሳ አንድ ቁጥር ለሆኑት ሰዎች በዚያው ቀን ነገርኳቸው። ሁለቱም በጊዜ ታከሙ፤ ይኸው ዛሬ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ሠርጉ አለፈ፤ ነገ እናገራለሁ ስል ነገ ብዙ ሆነ። ወንድሜ ጸጉራቸውን ሊቆረጡ በሄዱ ቁጥር የአስተካካዩን ጤና በዓይነ ኀዘን ስለሚጠይቁት፣ ሰውየው ደንግጦ ሳያማው ሐኪም ቤት ሄደ፤ ተመርምሮም እንደ ብረት መሆኑ ተነግሮት በደስታ አበሠራቸው። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄበታለሁ። እሳቸው ግን ምርመራዬ ጤነኛውን ታማሚ ይላል ብለው አሥራ አንድ ወር ስሕተታቸውን ፈለጉ። ከማቀዝቀዣው የቀረውን ሽንት አውጥተው ደጋግመው መረመሩ፤ የመመርመሪያውን መድኃኒት ለወጡ፤ ብልቃጡን በደንብ አላጠብሽም ብለው ላቦራቶሪው ውስጥ የምትረዳቸውን ምስኪን ቴክኒሻን አስለቀሱ። በመጨረሻ በጥናታቸው ጽሑፍ ላይ ከሃያ ሦስት ቁጥር ትይዩ «ስሕተት» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወገባቸውን አመማቸው፤ ወንበሩ ነው አሉ። ሐኪሞቹ ያሉትን ታውቃላችሁ። ሕመሙ እንደ አባታችን አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ደብተሩን በዘንቢል ይዤ ሆስፒታል ሄድኩና ገጹን ገልጬ ደረታቸው ላይ አኖርኩት። ረጅም ጊዜ አነበቡት፤ አንድ መስመር ነው፣ ግን ረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ታዲያ ምርመራው ትክክል ነበር» አሉ።

እስክሪብቶ ጠየቁኝ፤ ጽሑፋቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው «ስሕተት» የምትለዋን ሰረዙ። እኔ ማልቀስ ስጀምር እጄን ይዘው፣ «የሕይወቴን ታሪክ አንቺ አንብቢው፤ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺም» አሉኝ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት እስካሁን አላወቅኩም። ከዚያ ሰባት ወር ኖረው፣ ጽሑፉን ጨርሰው ለኅትመት ልከው፣ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ሁሉንም ትናንት ነግሬአለሁ። ባለቤታቸው ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ትንሿ ልጅ እስከ አሁን አላናገረችኝም፤ እውነት አላት።

ወንድሜ አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሥራቸውን የተረከበችውን ቴክኒሻን፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሰማንያ ብልቃጦችንና አንዲት እኅት ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከአባታችን አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀሩት ብርታቱን፣ ለኔም የሚገባኝን ይስጠኝ።

ሃያ ሦስት ቁጥር እሳቸው ነበሩ። አልጨመርኩም።