አማርኛ የገባበት የሪያድ ቤት

ከሸዋ ሮቢት ወደ ማጀቴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና ከሳውዲ የተመለሰች ሴት ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም፤ ወሬውን የጀመሩት ሽማግሌው ናቸው።

«ስንት ዓመት ቆየሽ፣ ልጄ?»

«ዘጠኝ ዓመት፣ ጋሼ። ሪያድ፣ አንድ ቤት ልጆች ሳሳድግ።»

«ታዲያ ለምን መለሱሽ?»

«አሠሪዬ የመኖሪያ ፈቃዴን አላድስም አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ሐበሻ በዛ፣ አገራችንን ለወጡብን› እያለ ይከራከራል።»

«እውነት ለወጣችሁባቸው?»

«ወላሂ፣ እንዴታ። ትንሹ ልጁ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። አባቱ ሲቆጣው ‹ወግድ› ይለዋል። እኔ ድመቱን ‹ወግድ› ስለው ሰምቶ ነው።»

«አባትየው አይገባውም?»

«ምን አለኝ ብሎ ጠየቀኝ። ‹ጌታዬ ነው ያለህ› አልኩት። ደስ ብሎት ልጁን ሳመው።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እኛም እኮ መጤ በዛብን» አሉ ቆይተው። «ሮቢት ላይ የማውቀው ሰው እየጠፋ ነው።»

«እርስዎ የሮቢት ተወላጅ ነዎት?»

«አያቴ ናቸው ከወሎ የመጡት። እኛማ ቆይተናል።»

«አሠሪዬም እንደዚሁ ነው የሚለው።»

«ተይው እሱን። ልጁስ?»

«ባለፈው ጁምዓ አባትየው ደወለ። ‹ልጁ ከሄድሽ ወዲህ አልተኛ አለ፣ በስልክ አስተኚልኝ› አለኝ።»

«የአላህ ያለህ። ምን አደረግሽ?»

«እሹሩሩ አልኩለታ። ልጁ ገና ሳይተኛ አባትየው ማንኮራፋት ጀመረ።»

ወሬያቸው እንዳያመልጠኝ ኪሴ ውስጥ የሚነዝረውን ስልኬን ሳላነሳ ዝም አሰኘሁት።