ዶን ማካሪዮ አዳራሹን የከፈቱበት ምክንያት

ሄል ለቃሚዎቹን ከየማሳው ያባረረው ዝናብ ዶን ማካሪዮ ቲዩልንና የእህታቸውን ልጅ ኦፌሊያን ከአንድ የሄል ማድረቂያ ቤት ጣሪያ ሥር አገናኛቸው። ሽማግሌው የመንደሩ አስታራቂና የአዳራሹ ኃላፊ ናቸው። እሷ ኮባን ከተማ ተምራ፣ ብዙ አገሮች ልጃገረዶችን ከጥቃት ለመጠበቅ ተባብረው ባቋቋሙት ድርጅት የምትሠራ ናት።

«አጎቴ፣ እንኳን አገኘሁዎት። አዳራሹን ለልጃገረዶቹ ስብሰባ ቢፈቅዱልን ብዬ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ፈረንጆችሽ ለልጅ የማይነገረውን ሊነግሩ ነው አሉ። እናትሽ ብትኖር በኀፍረት ትሞት ነበር!»

«እናቴማ ብትኖር ከፊት ወንበር ትቀመጥ ነበር» አለች እየሳቀች። «የኩፍኝ ክትባቱስ ከውጭ አይደል የመጣው? ክንድዎን ሰጥተው የለም?»

«ኩፍኝ በሽታ ነው። ይኼ የቤት ገመና ነው።»

«ገመና እያልን መሸፈናችን ነው ልጆቹን የጎዳቸው። ከሄይቲም ከቦሊቪያም የመጡ እናቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አጥቂው ብዙ ጊዜ ከጫካ የወጣ ባዕድ አይደለም፤ ወንበር ስበን የምናስቀምጠው ሰው ነው። አገሮቹ የተባበሩትም አንዱ ጋ የሠራው ዘዴ ለሌላው እንዲደርስ ነው።»

«ለመሆኑ ምን ልታስተምሯቸው ነው?»

«እምቢ ማለትን፤ ሮጦ መናገርን። ወላጆችን ደግሞ ልጃቸውን ማመንን።»

«እምቢታማ መች አነሳቸው!» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ዴልፊና እንኳ ወፍጮ ቤት ሂጂ ባልኳት ቁጥር እግሬን አመመኝ ትላለች። ሴት ልጅ አንገቷን ደፍታ ብትኖር ማን ይነካታል?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! አጥቂ የሚመርጠው እኮ አንገቷን የደፋችውን ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የማን ወፍጮ ቤት?»

«የክርስትና አባቷ የሪጎቤርቶ ነዋ! የአበልጄ!»

«ለምን እንደማትሄድ ጠይቀዋታል?»

«ስንፍና ይጠየቃል እንዴ?»

«ሳይቆጡ ይጠይቋት። የምለምንዎት ይህንኑ ነው።»

ሰው የማይፈልገውን መልስ የሚሸሸው ባለመጠየቅ ነው። ዶን ማካሪዮ ግን፣ ኦፌሊያን ሊያሳፍሩ አስበውም ቢሆን፣ እቤት ሲደርሱ ጠየቁ። ዴልፊና በቆሎ ትፈለፍል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

«እውነት እግርሽን ያምሻል?»

«አይቆጡኝም?»

«አልቆጣም።»

«አባባ፣ ጋሼ ሪጎቤርቶ በሩን ይዘጋል። ማንም አያምንሽም ይለኛል።»

ሽማግሌው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወደዚያ ቤት የሚልኳት፣ አንዳንዴም አርጩሜ ይዘው፣ እሳቸው ነበሩ። «እኔ አምንሻለሁ» አሏት፤ እሷም በቆሎውን ትታ አለቀሰች።

በማግስቱ ከኦፌሊያ ጋር ሆነው ወደ ሐኪም፣ ከዚያም ወደ ዐቃቤ ሕግ ወሰዷት። ወሬው የደረሰው ሪጎቤርቶ ቱርክ ዶሮ አንጠልጥሎ በራቸው ላይ ቆመ።

«አበልጄ፣ ገመናችንን በሽማግሌ እንጨርሰው።»

«በሽማግሌ የሚያልቀው የመሬት ድንበር ነው። የልጅ ገላ ጉዳይ በሽማግሌ አያልቅም። ዶሮህን ይዘህ ሂድ!»

ሪጎቤርቶ አሁን ታስሮ ፍርዱን እየጠበቀ ነው። አዳራሹ ተከፍቷል። ልጃገረዶቹ፣ አሁን ሌላ ሰው ወደያዘው ወፍጮ ቤት የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ የወፍጮ ቤቱም በር ሥራ ላይ እያለ እንዳይዘጋ መንደሩ ወስኗል። የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪም ልጅ ቢነግራት አቤቱታውን የት እንደምታደርስ ታውቃለች። ዴልፊና ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ በስብሰባው ከኋላ ትቀመጣለች፣ ገና አትናገርም። የሚያጣድፋትም የለም።

አንድ ቀን አንድ አባት በነገር ወጋቸው፦ «ዶን ማካሪዮ፣ እርስዎም ለፈረንጅ አደሩ?»

«ፈረንጆቹ ያመጡት ጥያቄውን ብቻ ነው፤ መልሱ እቤቴ ቁጭ ብሎ እኔን ይፈራ ነበር» አሉት። «አንተም ሂድና ልጅህን ጠይቅ።»