ቁጥሩን ማን ይንካው

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብዬ ስጀምር የሳቃችሁትን አይቻለሁ። እስከ ትናንት «አንተ፣ ከሰሉን አምጣ እንጂ» ስትሉኝ የነበራችሁ ሰዎች ዛሬ ክቡራን ስትባሉ ደስ ብሏችኋል። ሥራ በሚበዛበት ቀን ቤቱን ዘግታችሁ፣ ጠረጴዛዎቹን አጋጥማችሁ፣ አንድ ተማሪ ልትሸኙ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ምግብ ቤቱን በገዛ ፈቃድዎ ሲዘጉ ዛሬ የመጀመሪያዎ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ክብሩ ከብዶኛል።

ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፤ እኔም ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

የመጣሁት ወንድሜ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ነበር። እዚህ ጓሮ ነበር የሚሠራው፤ አንድ ጠዋት ወደ ሥራው ሲመጣ መኪና ገጨው። ጋሼ ሊያጽናኑን ቤታችን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ ሌላው ሰው «አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» አላሉኝም። «ትምህርት ሲዘጋ ምን ትሠራለህ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ያንን ጥያቄ ምን ያህል እንደወደድኩት እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

የመጀመሪያ ቀን ጓሮ ወሰዳችሁኝ። ትልቁ የጭስ ምድጃ ይጨሳል፤ ከጎኑ ወንድሜ በራሱ ደመወዝ የገዛት የሙቀት መቆጣጠሪያ ተሰቅላለች። ጓሮ ገብታችሁ ለማታውቁ ቤተሰቦች ላስረዳ። ትንሽ ሳጥን ናት። አንዱ ሽቦዋ የምድጃውን ሙቀት ይለካል፤ ሌላው ስጋው ውስጥ ይሰካል። ሙቀቱ ሲወርድ ማራገቢያዋ ከሰሉን እፍ ትለዋለች፤ የተሰጣት ቁጥር ላይ ሲደርስ ታርፋለች። ስጋው ማንም ጭስ ውስጥ ሳይንበረከክ ከጠዋት እስከ ማታ በዝግታ ይበስላል።

ዋና አብሳያችን እትዬ ሳጥኗ የገባች ቀን አኩርፈው ነበር አሉ። «ቀጥሎ ደግሞ ጨው የሚቀምስ ማሽን ታመጣብኛለህ» ብለውታል። እሱም «ጨዉን እርስዎ ይቅመሱልኝ፤ እሷ ዓይንዎን ታሳርፍልኝ» ብሎ መለሰላቸው።

እኔ ስደርስ ሳጥኗ ላይ መቶ አምስት ዲግሪ ይላል። ቁልፎቿ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ «ፈጣኗ» በምንላት አስተናጋጃችን የእጅ ጽሑፍ «አይነካም» ይላል። ወንድሜ በመጨረሻ ቀኑ የሞላው ቁጥር ነበር። ሳጥኗ ማታ ብትጠፋም ጠዋት ስትበራ ያንኑ ታስታውሳለች።

እናም ሁሉም ነገር በመቶ አምስት ተጠበሰ። ለትልቁ የበሬ ደረት ግሩም ነበር። ዶሮውም ግን በዚያው ተጠበሰ። የዶሮ ቆዳ በእንዲህ ያለ ሙቀት ምን ይሆናል? ጎማ ነዋ። ፈጣኗ ሰበብ መፍጠር ሲሰለቻት «የዛሬው ዶሮ ስፖርተኛ ነበር» ማለት ጀምራ ነበር።

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ወንድሜ ያንን ቁጥር በየቀኑ ነበር የሚቀይረው። እቤት ለእናቴ ሲጠብስ «ለትልቅ ስጋ ዝቅ፣ ለዶሮ ከፍ። መጀመሪያ ስጋውን እይ፣ ከዚያ ቁጥሩን» ይለኝ ነበር። ግን ፕላስተሩን ሳየው ከሰሌን ተሸክሜ አለፍኩ። ለእሱ ብላችሁ ያቆማችሁትን እኔ እንዴት ላንሳው? እናንተም ታውቁ ነበር፤ እትዬ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ። ግን ለሟቹ ወንድም «የወንድምህን ቁጥር እናንሳው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? እኔ ለእናንተ ስል፣ እናንተ ለእኔ ስትሉ፣ ደንበኛው ጎማ ያኝካል።

መስኮቱ ጋ የሚቀመጡትን ጡረተኛዋን አስተማሪ ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ቀን ጠሩኝ። ሹካው ቆዳውን አልበሳ ብሏቸዋል። ማን እንደሆንኩ አያውቁም።

«ልጄ፣ ጓሮ ይሠራ የነበረው ልጅ የት ሄደ? እሱ እንዲህ ያለ ነገር አያቀርብልኝም ነበር» አሉኝ።

ፈጣኗ ሳህን እንደያዘች ቆመች።

«ሞቷል። ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

ቃሉን ከአፌ ሳወጣው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ሹካውን አስቀምጠው እጄን ያዙኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እትዬ ተከተሉኝ።

«እትዬ፣ ቁጥሩን ልቀይረው?»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «እኔማ አንተን ነበር የምጠብቀው» አሉኝ።

ፕላስተሩን ላጥኩና ቁልፉን መቶ ስድሳ እስኪል ድረስ ተጫንኩት። አርፋ የነበረችው ማራገቢያ ተነስታ እም ማለት ጀመረች። የሚያመኝ መስሎኝ ነበር፤ አመመኝም። ግን እሱ በየጠዋቱ ይሰማው የነበረው ድምፅ ያ ነበር፤ እኔ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። ለአስተማሪዋ ሌላ ዶሮ አቀረብንላቸው። ቆዳው ሲሰበር እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

አሁን ወደዚህ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ስጦታ ልምጣ። ተጠቅልሎም ቢሆን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጋሼ ቀድመው ለእናቴ ደውለዋል። የወንድሜ መቆጣጠሪያ ናት። ለጓሮው አዲስ ገዝታችኋል። እናቴም ፎቶው አጠገብ መደርደሪያ ላይ ቦታ አዘጋጅታ እየጠበቀች ነው።

እንዳትቀየሙኝ። ትቻት ልሄድ ነው።

እኛ ቤት የጭስ ምድጃ የለም። መደርደሪያ ላይ ከወጣች እንደገና አንድ ቁጥር ላይ ትቆማለች፤ ያንን ደግሞ አብረን አይተነዋል። ዛሬ ባዶ እጄን ስገባ እናቴ ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ። ቅዳሜ ግን እናቴን ይዣት እመጣለሁ። ጓሮ ወንበር ስጧትና የማራገቢያዋን ድምፅ ትስማው። ጋሼ፣ አዲሱን ለሻጩ ይመልሱት፤ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ።

ፕላስተሩን ግን እወስዳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው። ፎቶው አጠገብ እለጥፈዋለሁ። እዚያ «አይነካም» ቢባል ማንም አይጎዳም።

እትዬ፣ ዓይንዎን ጭስ አይንካው፤ እጅዎ አይዛል። ፈጣኗ፣ እህቴ፣ እግርሽ አይድከም፤ ሰበብ የማያስፈልገው ዶሮ ብቻ ይግጠምሽ። ጋሼ፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። ሁላችሁም ጠዋት በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ፤ ከሁሉም በላይ የምለምንላችሁ እሱን ነው።

ነገ ጠዋት ሳጥኗን ስታበሩ እኔ አልኖርም። መጀመሪያ ስጋውን እዩ፣ ከዚያ ቁጥሩን።