ባለ ርግቧ አትሳሳትም

ራህማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ባልሽ ከሊፋ ሱቁን ከፈተ? ይቅናው። ይሄ አውቶቡስ ዛሬም ሊያስረፍደን ነው... ግድ የለም፣ ፌርማታው ላይ ጥሩ ጥሩ ሰው ቆሟል። ማን? እዚያ ጋ ቦርሳ አንግቶ ጀርባውን የሰጠን? እኔ እንጃ፤ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ማንንም አልለይም። ጮክ አልኩ እንዴ? አመሌ ነው።

እኔ ስለ ሰው መልካም ሲወራ ደስ ይለኛል። አንድ ፎቶ አንሺ አለ አሉ፣ እዚሁ ኮልፌ። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ታማኝነቱ ይበቃል። አምና በጃንሆይ ልደት ሰሞን አዲስ ካሜራ ገዛ፤ ርግብ የተቀረጸባት፣ ገና ከካርቶኗ የወጣች። የመጀመሪያውን ፊልም ቢያጥበው በየፎቶው መሀል ነጭ ጭረት! ፊልሙ ነው አለ። ፊልም ቀየረ፣ ጭረቱ ሰፋ። ፀሐዩ ነው አለ። ቤት ውስጥ ሰርግ ቢያነሳ፣ ጭረቱ መሀል ገብቶ ሙሽሪትን ከሙሽራው አፋታ። አቀማመጣቸው ነው አለ! «ዕውር ምን ይሻል? ብርሃን» አይደል የሚባለው? የሱ ካሜራማ ብርሃን መች አንሷት...

ሻጩ ራሱ አፍሮ፣ «ሳጥኗ ብርሃን ታስገባለች፤ መልሳትና ሌላ ዓይነት ውሰድ» ብሎት ነበር አሉ። እሱ ይከዳል? «ባለ ርግቧ አትሳሳትም! አባቴም ፎቶ አንሺ ሆኖ ስም ያተረፈው በባለ ርግብ ነው» አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤ እሱን ካሜራህ ምን ነካው ሲሉት አባቱን ይጠራል። እንዲህ ያለ ታማኝ ዛሬ የት ይገኛል? ሚስቱ ታድላ! ደግሞ ፊት አይቶ አያዳላም፤ የሀብታምም የድሃም ፊት እሱ ዘንድ እኩል ነው... እኩል ይጠፋል።

እናቴንስ ያነሳልኝ እሱ አይደል? በሰማንያ ዓመቷ አንድ ቀን «ፎቶ ልነሳ» አለች። ፀጉሯን ሠራኋት፣ ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት፣ ከእነ ጉልላት ቤት ባለመደገፊያ ወንበር ተዋስኩ። ፎቶው ሲመጣ እጆቿ፣ ቀሚሷ፣ የወንበሩ እግር ሳይቀር ጥርት ብሏል። ከአንገቷ በላይ ግን ነጭ ነው፣ ራህማ። ባዶ ነጭ። ወስጄ ባሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ ዋጋነሽ፣ እናትዎ ነቅነቅ ብለው ነው!» አንገቷን ማዞር ካቃታት ሦስት ዓመቷ እኮ ነበር!

«በሌላ ካሜራ ድገምልኝ» ስለው፣ «ባለ ርግቧን ላዋርዳት?» ብሎ እንቢ አለ። እኔ ሌላ ፎቶ አንሺ ስፈልግ፣ እናቴ ሞት ቀደማት... በአርባዋ ዘመድ ከአገር ቤት መጥቶ «እስቲ ፎቶዋን» ሲለኝ እጆቿን አሳየሁ። የወረቀት እጅ እየሳሙ አለቀሱ። እሱም ለቅሶ ደርሷል፣ አይታማም። ካሜራዋን አንግቶ ነው የመጣው፤ ከእሷ ይለያል እንዴ?

ውይ፣ አውቶቡሱ መጣ! ቆይ፣ ሰውየው ይቅደም፤ ቦርሳ ይዟል፣ የሥራ ሰው ነው። እኔ በማንም ቂም የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጠው! ወልዶ፣ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ፣ አርጅቶ ጃጅቶ... የዚያን ጊዜ ልጆቹ «የአባታችን መልክ እንዳይጠፋን» ብለው ፎቶ ሊያነሱት ሲያስቀምጡት፣ በታማኟ በባለ ርግቧ ያንሱት። አሚን በይ እንጂ፣ ራህማዬ!