የፉርሽካው ዘይት

ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ያንገበግበኛል። ከፊቴ አንዲት እናት ከጎናቸው ጠርሙስ ይዞ የተቀመጠውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጥያቄ ያፋጥጡ ነበር።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማር ነው?»

«ዘይት ነው እማማ። ከስንዴ ፉርሽካ ያወጣሁት።»

«ከፉርሽካ! ነገ ደግሞ ከድንጋይ ታወጣላችሁ።»

«ፋብሪካ የሚያወጣው ከቤንዚን ዘር በሆነ ፈሳሽ ነው። እኔ በአልኮል ሞከርኩት።»

«በአረቄ በለኛ!»

«ከአረቄ ይጠነክራል። ግን የሚወጣው ዘይት ትንሽ ነው። አማካሪዬ ዛሬ ካላሳመንከኝ ወደ ቤንዚኑ ትመለሳለህ ብሎኛል።»

«እናቴ ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በፍል ውሃ ታማስለው ነበር። ዘይቱ ብቅ ሲል በማንኪያ ትገፍፈዋለች። ቢበዛ አንድ ስኒ ነው።»

«አይሰለቻትም ነበር?»

«እየዘፈነች ነው እንጂ! እኛ ልጆቹ የቀረውን ኑግ ከቆሎ ጋር ለመብላት እንጋፋለን። አቤት ያን ጊዜ! ያንተስ ትራፊ ይበላል?»

«የአልኮሉን አድርቄ ለአከራዬ ላም ሰጠኋት፤ ጠርጋ በላችው። የቤንዚኑን ግን አሽትታ ፊቷን አዞረች።»

«ይህን ለአማካሪህ ነግረኸዋል?»

«የላም ወሬ? ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት።»

«ይሳቃ! መጀመሪያ የላሟን ንገረው። እስቲ ጠርሙሱን ክፈተው።»

ከፈተላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ።

«የእናቴን ዘይት አይሸትም» አሉ። «ቤንዚንም ግን አይሸትም።»

እኔ እግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን የሱቅ ዘይት ክዳኑን ፈትቼ አሸተትኩት።