ብርድ ልብስ የለበሰው መስታወት

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናቸውን አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ምድር ቤት ከምትኖረው ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ጋር ተገጣጠሙ።

“እትዬ፣ መኪናዋን ይዘው ወዴት ነው?”

“ልሸጣት ነው፣ ልጄ። ዓይኔ ከዳኝ። ትናንት የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ነገ ደግሞ ጣቴን ከጨርቁ ጋር እሰፋዋለሁ።”

ሴትየዋ ክፉ ነገር ገና ሳይመጣ መንገድ ወጥተው የሚቀበሉ ሰው ናቸው። አስተማሪዋ ግን በደረጃው መስኮት አጠገብ ቆማ፣ “ሹራቤ ላይ ያለችው ክር ትታይዎታለች?” ስትል ጠየቀቻቸው።

“እንዴታ። ሁለተኛው ቁልፍሽም ሊወልቅ ነው።”

“እንግዲያው የጨለመው ክፍልዎ እንጂ ዓይንዎ አይደለም።”

መኪናዋን ተጋግዘው መልሰው አወጧት። ክፍሉ አንድ መስኮት ብቻ አለው። የስፌት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው። ከመስኮቱ ትይዩ የቆመው ትልቅ መስታወት ብርድ ልብስ ለብሷል።

“ይሄስ በርዶት ነው?”

“ደንበኛ ልብስ ሲለካ ብቻ ነው የምገልጠው። ብርሃን ይጠጣብኛል። ውስጡ ሌላ መስኮት አለ፤ ያ የሚበራው ከእኔው ወስዶ አይደል? እናቴም ሸፍና ነው የኖረችው።”

አስተማሪዋ አልሳቀችም። ያሰበ ሰው ቢሳሳት እንኳ ሊከበር ይገባዋል።

“መስታወት ብርሃን አይጠጣም፣ እትዬ፤ ይመልሳል። ኳስ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገው ቢወረውሩ ወደ እጅዎ ይመጣል። አግድመው ቢወረውሩ ግን በመጣበት ልክ ተጋድሞ ወደ ሌላው ወገን ይነጥራል። ብርሃንም እንደዚያው ነው።”

“ውስጥ ያለችው ሴትዮስ?” አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ብርድ ልብሱን በከፊል ገልጠው የራሳቸውን ምስል እያሳዩ።

“እስቲ ከኋላው ይፈልጓት።”

እጃቸውን ሰደዱ። ያገኙት ግድግዳና የሸረሪት ድር ነው።

“ከእርስዎ የሄደው ብርሃን መስታወቱን ነክቶ ወደ ዓይንዎ ይመለሳል። ዓይን መመለሱን አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ሴትየዋን ከመስታወቱ ጀርባ ያስቀምጣታል። እርስዎ አንድ ሜትር ቢርቁ እሷም አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ትርቃለች።”

ልብስ ሰፊዋ አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ዘርግተው ወደ ኋላ አሉ፤ ወደ ፊት መጡ። “ታዛዥ ናት፤ ከልጆቼ ትሻላለች። ግን ቤቴን ቢያቃጥልብኝስ?”

“ጠፍጣፋ መስታወት ብርሃን አንድ ቦታ አይሰበስብም። ብቻ ፀሐይዋን ወደ ዓይንዎ እንዳያዞሯት።”

ብርድ ልብሱን ጨርሰው ገፈው መስታወቱን ቀስ እያሉ አዞሩት። የብርሃኑ ቁራጭ ጣሪያውን አቋርጦ፣ በግድግዳው ወርዶ፣ መርፌዋ ላይ አረፈ። ሴትየዋ ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ አስገቡ፤ ከዚያም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

“ሃያ ዓመት ብርሃኔን አልብሼ አስተኝቼዋለሁ በይኛ።”

ብርሃን ያነሰው ሁሉ መስኮት ለመጨመር ግድግዳ ማፍረስ የለበትም። በቦታው የቆመ መስታወት ያለችውን ብርሃን ወደ ሥራ ይልካታል፤ ዓይን ያርፋል፣ እጅም አይሳሳትም። እናቶቻችንን ማክበር ልማዳቸውን ሳይመረምሩ መያዝ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋ ቀሚሱን ለብሳ ዞር ዞር አለችና፣ “እጅጌው ልክ ነው” አለች።

“ልክ ባይሆን” አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ “ካንቺ በፊት የማየው እኔ ነኝ።”